ከግጭቱ በኋላ የሚመጣው ወዳጅ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ፣ የከባድ መኪና ፍሬን ሲግል፣ ባጃጅ ኩርባ ላይ ልቅደም ሲል ግጭት ይፈጠራል። ትራፊክ ፖሊስ ሳይደርስ ግን አንድ ሰው ይደርሳል። "አይዞህ" ይላል፣ ስልክ ቁጥሩን ይሰጣል፣ "መድን ውስጥ ሰው አለኝ፤ አንተ ፈርምልኝ ብቻ፣ ሌላው የኔ ጣጣ ነው" ይላል። ስለ መድን ማጭበርበር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ሐሰተኛ የሦስተኛ ወገን ተለጣፊ (መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዳለው የሚያሳየው ወረቀት) ነው። እሱም አለ። በእኔ ግምት ግን ሰውን የበለጠ የሚያስከፍለው ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ሳያነብ የሚያኖረው ፊርማ ነው።

ውክልናውን እንየው። ያ "አይዞህ" ባዩ ሰው፣ ማለትም ደላላው፣ አስተይቦ የሚያመጣው ወረቀት ለራሱ ለደላላው ሦስት ሥልጣን ይሰጠዋል፦ ጥያቄ ማቅረብ፣ በካሳው መጠን መስማማት፣ ገንዘቡን መቀበል። የመጀመሪያው ብዙም አይጎዳ። መዘዙ ያለው በሁለቱ ላይ ነው። ተወካዩ 300 ሺህ ብር ተቀብሎ "180 ነው የፈቀዱት" ቢል ባለጉዳዩ የሚያመሳክርበት ወረቀት በእጁ የለም። ወይም ድርሻው ቶሎ እንዲደርሰው በመጀመሪያው ዝቅተኛ ዋጋ ተስማምቶ መተማመኛውን (ከዚህ በላይ አልጠይቅም የሚለውን ወረቀት) ይፈርማል፤ መተማመኛ ከተፈረመ ደግሞ ፋይሉ ተዘጋ ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ በስምምነት ጉዳይ ለመጨረስ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ያቺ መስመር ወረቀቱ ላይ የገባችው እንግዲህ በስህተት አይደለም።

ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቶ ውክልና መስጠት ግድ ቢሆንበት፣ መስማማትና ገንዘብ መቀበል የሚሉትን አስወጥቶ፣ ክፍያው በራሱ የባንክ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ ያስጽፍ። ቀድሞ የፈረመም አልረፈደበትም፤ ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ውልና ማስረጃ ሄዶ መሻር ብቻውን ግን አይበቃም። የመሻሪያውን ቅጂ በዚያው ቀን ለመድን ሰጪው አስገብቶ በራሱ ቅጂ ላይ የገቢ ማህተም ማስመታት አለበት። ኩባንያው መሻሩን ካላወቀ ለተወካዩ ቢከፍል በቅን ልቦና ከፈልኩ ይላል። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰው ደግሞ ለዚሁ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ "መኪናው ስላልታወቀ በኔ በኩል ካልሆነ አታገኝም" የሚል ሰው ከመጣ ይዋሻል።

ሽምግልና የወሎ ጌጥ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ችግሩ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወጪውን እሸፍናለሁ" የምትለዋ የመንገድ ዳር ወረቀት ናት። የተሽከርካሪ መድን ውሎች በአብዛኛው መድን ገቢው ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋት እንዲያምን ወይም ክፍያ ቃል እንዲገባ አይፈቅዱም። እዚያው 40 ሺህ ብር ቆጥሮ የሰጠ ሰው ብሩን ከመድኑ ላያገኘው ይችላል። ሆን ብለው ፍሬን ይዘው ከኋላ የሚያስገጩ ሰዎች የሚተማመኑትም በዚህ መቻኮል ነው። ቁስለኛ ካለ እሱ ይቀድማል። ከዚያ ትራፊክ ይጠራ፤ መኪኖቹ ሳይነሱ የሁለቱም ታርጋ፣ የጎማ አቀማመጥ፣ የመንገዱ መስመርና የሌላው መኪና የመድን ተለጣፊ ፎቶ ይነሳ። ለኩባንያው በስልክ ማሳወቅ ጥሩ ነው፤ የሚያስተማምነው ግን በጽሑፍ ነው። የንግድ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አደጋው ከታወቀ ጀምሮ አምስት ቀን ነው።

ጋራዥ ላይ ነገሩ ይረቃል። ፕሮፎርማው "አዲስ ኮፈን፣ አዲስ ፓራፋንጎ" ይላል፤ የሚገጠመው ግን ተቀጥቅጦ በስቱኮ (ስርጉዱን በሚሞላ ልስን) የተሞላው አሮጌው ነው። ቀለም ከተቀባ በዓይን አይለይም፤ ትንሽ ማግኔት ግን ይለየዋል። ስቱኮ በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም ወይም ላላ ብሎ ይይዛል። (የፕላስቲክ ፓራውልት፣ ማለትም የግጭት መከላከያ፣ ላይ አይሞከርም።) ስለዚህ መኪናው ሳይፈታ የተጎዳውን እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንስቶ፣ የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎች "የታሉ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ኩባንያውም አሮጌውን ስለሚፈልገው ጥያቄው ነውር የለውም። የሥራ መረከቢያው መኪናው ተነድቶ ሳይታይ አይፈረም፤ መሪና ፍሬን በግምት ተስተካክሎ በዚያ ቁልቁለት መውረድ ከገንዘብም በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ለኩባንያዎቹ ልመስክር፤ ማጭበርበር የሚመስል ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። የገበያ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና አረቦን (ለመድን የሚከፈለውን ዋጋ) ለመቀነስ ተብሎ በ800 ሺህ ቢመዘገብ፣ የዋስትናው ድርሻ 40 በመቶ ነው። 300 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ በተመጣጣኝ ስሌት የሚከፈለው 120 ሺህ ይሆናል፤ ከዚያም ላይ የመድን ገቢው ድርሻ (ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለመኪናው ራሱ እንዲሸፍን በውሉ የተጻፈው) ይቀነሳል። ባለመኪናው ተዘረፍኩ ሲል ደላላው "ቀሪውን እኔ አስወጣልሃለሁ" ብሎ ይመጣል። የሚያስወጣው ጉዳት አስጨምሮ ወይም የአደጋውን ቀን አዛብቶ ነው። ሲደረስበት ወንጀልም ይሆናል፣ እውነተኛው 120 ሺህም ይቀራል፤ ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ ደግሞ የባለመኪናው እንጂ የደላላው አይደለም። የዋስትናውን ዋጋ በየዓመቱ እድሳት ላይ ከገበያው ጋር ማስተካከል ይህን በር ይዘጋል።

የስልኩ ማታለያ ተራ ነው፦ "ካሳዎ ጸድቋል፣ የማስኬጃ 2,500 ብር በቴሌብር ይላኩ"፣ ወይም "የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ"። ተቀናሽ ካለ ከካሳው ላይ ይቀነሳል፤ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ መድን የለም። ተለጣፊ ሲገዛም አረቦኑ በኩባንያው ሒሳብ ይግባ፣ የፖሊሲ ቁጥሩ ቅርንጫፍ ላይ ይጣራ፤ ወኪሉም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት።

ኩባንያው ራሱ አልከፍልም ካለ፣ ወይም "ነገ ና" ካበዛ፣ ምክንያቱን ቀንና ማህተም ባለው ደብዳቤ መጠየቅ ይገባል። በደብዳቤው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም መድንን ወደሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል፤ ደላላው "እየተነጋገርን ነው" እያለ የሚያሳልፋቸው ወራትም ከዚያው ላይ ይቆጠራሉ።