ሁሉን አያጣብቅም!

ዛሬም ክንፉ ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። ሌሊት ድምፅ ሰምቼ ብነሣ ከሬዚን (ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) ክፍሎች የገጣጠምሁት የዘንዶ ሞዴል ክንፍ ጫፉ ተሰብሮ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ አንድ ወር የለፋሁበት ቀለም እንደ ቅርፊት ተላልጧል።

የሚያንገበግበኝ የማጣበቂያው ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ነው። «ሁሉን ያጣብቃል» ይላል። ሁሉን አያጣብቅም! የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ የሚሠራው ፖሊስታይሪን የሚባለውን የተለመደ የሞዴል ፕላስቲክ አቅልጦ በማዋሃድ ነው፤ ሬዚንን ስለማያቀልጠው አይዘውም። ሱፐር ግሉ ደግሞ በሰከንዶች ውስጥ ይይዝና ልብ ይሞላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ተሰባሪ ነው። ለአንዲት ትንሽ ጣት ይበቃል። ሩብ ኪሎ የሚመዝን ክንፍ ግን ጠረጴዛው ትንሽ በተነካ ቁጥር መገጣጠሚያውን ይገነጥለዋል።

ይህን ቀድሞ የነገረኝ ማን ነው? ከሞዴሉ ጋር የመጣው መመሪያ «አጣብቅ» ብሎ ያልፋል። ሬዚኑ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ቅባት እንዳለበት፣ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ካልታጠበ ማጣበቂያ እንደማይጨብጠው አንድ መስመር እንኳ አልሰፈረበትም። ፊቱን በሻካራ ወረቀት ማሸት፣ ሁለቱንም ወገን በስቶ ወፍራም የነሐስ ሽቦ መሰካት፣ ከዚያ ኤፖክሲ የሚባለውን፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክረውን ማጣበቂያ፣ ከሁለቱ ቱቦዎች እኩል ለውሶ መቀባትና ደግፎ ማቆም ያስፈልጋል። «የ5 ደቂቃ» የተባለውም ቢሆን በ5 ደቂቃ መጠንከር ይጀምራል እንጂ ሙሉ ጉልበቱን አያገኝም፤ እኔ 24 ሰዓት ሳልነካው እተወዋለሁ። ይህን ሁሉ የተማርሁት ስብርባሪ እየለቀምሁ ነው።

ያን ያህል ገንዘብ ለተከፈለበት ዕቃ ይህችን አንዲት አንቀጽ ማተም ምን ያህል ያስወጣቸው ነበር?