ለተከበሩ የ8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ቼክ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ዓመት ሳንጠራዎ በፖስታ ሳጥናችን በኩል ወደ ቤታችን ለገቡበት ቸርነት ምስጋናችንን ሳናቀርብ በመዘግየታችን ይቅርታ እንጠይቃለን። የዘገየነው እርስዎን አንብቦ ለመጨረስ አጉሊ መነጽር ስላስፈለገን ነው።

ፊትዎ ሲታይ እንከን አልነበረበትም። የእናቴ ስም አንዲት ፊደል ሳይዛነፍ ተጽፎበታል፤ የባንክ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው፣ «ተመላሽ» የሚል ቃልም በጥጉ ሰፍሯል። እናቴ የታክስ ተመላሽ መስሏት «ይህ መንግሥት እኮ የሰው ሳንቲም አይበላም» አለችና የላከውን ሰው ከነልጅ ልጆቹ መርቃ ባንክ አስገባችዎ። በጀርባዎ ግን፣ እሷ ከፈረመችበት መስመር በላይ፣ ምስር ስትለቅም ጠጠር የማያመልጣት እናቴ እንኳ ያላየቻት ግራጫ ጽሑፍ ነበረች፤ ቼኩን የፈረመ ሁሉ የአንድ የቅናሽ ክበብ አባል ለመሆንና በየወሩ 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ለመክፈል እንደተስማማ የምትናገር። ከክበቡ ጋር በሽርክና የሚሠራው የገዛ ካርድ ሰጪዋ ስለነበረም፣ የክሬዲት ካርዷን ቁጥር መጠየቅ እንኳ አላስፈለገዎትም። እኛ ቅኔ በጎጃም ብቻ የሚቀር ይመስለን ነበር፤ እርስዎ ግን ሰሙን ከፊት፣ ወርቁን ከጀርባ አድርገው (ቅኔውን ማለቴ ነው) ሲዘርፉ የሚስተካከልዎ አላየንም።

የዘር ሐረግዎንም አጥንተናል። የ3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቼክ የነበሩት አያትዎ 225,000 ያህል ሰዎችንና ትናንሽ ድርጅቶችን ሳያውቁት የኢንተርኔት ደንበኛ አድርገው፣ በየወሩ ከ20 እስከ 30 ዶላር የሚጠጋ ክፍያ በስልክ ሂሳባቸው ላይ እንዲደመርባቸው ሲያደርጉ፣ አገልግሎቱን አንድ ጊዜ እንኳ የከፈቱት ከመቶ አንድ አልሞሉም። የአሜሪካ የዘጠነኛው ምድብ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 እውነቱ በደቃቅ ፊደል መጻፉ ማታለሉን እንደማያስቀረው ቢወስንም፣ ቤተሰብዎ ከሐዘኑ በቶሎ የተጽናና ይመስላል።

እኔ የካርዷን መግለጫ ያየሁት በ11ኛው ወር ነው፤ የእርስዎ 8 ዶላር በዚያን ጊዜ 164 ዶላር ከ89 ሳንቲም በልቶ ነበር። ስልክ ስደውል ያነጋገረችኝ ትሁት ሴት እናቴ በሆቴልና በመኪና ኪራይ ቅናሹ ምን ያህል እንደተደሰተች ጠየቀችኝ። እናቴ መኪና አትነዳም፤ ሆቴል ያደረችውም ከአዲስ አበባ ስትመጣ በረራ የተሰረዘባት ሌሊት ብቻ ነው። ሴትዮዋ ይህን ሰምታ ለሁለት ወር ብቻ ገንዘቡን እንደምትመልስ ነገረችኝ።

አባልነቱ ተሰርዟል። የቀረው ምርቃቱ ነው፤ እናቴ እሱም በስልክ ይሰረዝ እንደሆነ የፊታችን እሑድ የንስሐ አባቷን ልትጠይቅ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ አባል ልጅ