መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ጣት

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋል። ባለፈው ክረምት አብረን አገር ቤት ልንሄድ ሻንጣ ስናዘጋጅ ክፍሉ ገባሁ። ሳክስፎኑ ሳጥኑ ውስጥ ነው። እሱ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን የቻርሊ ፓርከርን አንድ አጭር ሶሎ ፍጥነቱን ቀንሶ ይሰማል። ቆም ያደርግና በአፉ ያዜመዋል። ይሳሳታል። መልሶ ይሰማል። አራት ሰከንድ የማትሞላ ቁራጭ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆየ።

«ለምን አትነፋውም?» አልኩት።

«አስተማሪዬ መጀመሪያ ዝፈነው ነው የሚለኝ። መዝፈን ካቃተህ ገና አልሰማኸውም ይላል።»

ፓርከር ራሱ በወጣትነቱ የሌላውን ሳክስፎን ተጫዋች የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከሸክላ እየሰማ በቃሉ ያጠና ሰው ነው። እዚህ አገር ሙዚቃ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ልጁም ሳያውቀው ሰልፉ ውስጥ ገብቷል።

አዲስ አበባ፣ እናቴ ቤት አጠገብ ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወት የ19 ዓመት ልጅ አለ። ጣቱ ጉድ ያሰኛል። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ የወጣ ዘፈን ነገ እጁ ላይ ነው። ሠርግ እየሠራ እናቱን ይረዳል። ትዝታ ተጫወትልኝ አልኩት። አንድ ቁልፍ ሲጫን ከበሮው በራሱ ጀመረ። ቤዙም በራሱ ገባ። እሱ ከላይ ዜማውን አስከተለ። ያምራል። ግን የተጫወተው ትዝታ ከሌላ ኪቦርድ የተቀዳ ነው። ያኛውም ከሌላ ኪቦርድ። ክራር ሲመታ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሰምቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«በቲቪ ነው ጋሼ» አለኝ።

ልጁን አልወቅሰውም። አምስት ሰው ያለው ባንድ የሚቀጥር ሠርግ እየጠፋ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ክራር የሚያስተምረው ሰው የለም። እዚህ ዋሽንግተንም ብዙ አዳራሽ ውስጥ አንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድ ተክቶ መሥራት ከጀመረ ቆይቷል። እኔን ያሳሰበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የእህቴን ልጅ መጀመሪያ ጆሮውን ነው የሠሩለት። የጎረቤታችን ልጅ ጣቱ ብቻውን እየሮጠ ነው።

እንዲህ እያልኩ አሜሪካን አወድሼ ልመለስ ስል ግን ሌላ ነገር አየሁ።

ፍልሰታ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከደብሩ የካህናቱ ዜማ ይመጣል። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንቦ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚተነፍሰው?» አለኝ። የሚነፋ ሰው ጥያቄ ነው። በማግስቱ ለጎረቤታችን ልጅ ነገረው። ያ ልጅ ኪቦርዱን አጥፍቶ የሌሊቱን ዜማ በአፉ አወጣው። ማሸጋገሪያው፣ መርገፊያው፣ ሁሉም አለ። በልጅነቱ ደብሩ ውስጥ ያደገ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉትን የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ለይቶ ያውቃል። የእህቴ ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሱ አራት ሰከንድ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት የለፋበትን ነገር ይሄኛው ሳያስበው ይዞት ኖሯል። ብቻ ያ ዜማ «ሙዚቃ» መሆኑን፣ ለሚጫወተውም ነገር መነሻ ሊሆነው እንደሚችል የነገረው ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት ቡና ላይ ሁለቱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ምን እንስማ? እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። ከ30 ዓመት በላይ በጆሮዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው።

ከበገና ጀምሩ አልኳቸው። ዓለሙ አጋን ስሙ። አሥር አውታር ነው ያለው። ከአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባ ድምፁ ይነዝራል። ጥርት ብሎ አይወጣም፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ነው የሚሰማው። ዛሬ ስቱዲዮ ውስጥ ማንኛውንም ነዛሪ ድምፅ እያጠራን እንጥላለን። በገና ግን ነፍሱ ያለው እዚያ ነዛሪው ላይ ነው። ዘፋኙም አይጮህም። ለራሱ እንደሚናገር ሰው ነው። አንድ ወጣት ይህን ሰምቶ ዝግ ማለትን ቢማር ብዙ ነገር ተማረ።

ከዚያ አስናቀች ወርቁ። ክራሯንና ድምጿን ለያይታችሁ ለመስማት ሞክሩ። አይለያዩም። ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ኪቦርድ ላይ ግን ዘፋኙ ነው መሣሪያውን የሚከተለው። ብዙ ወጣት ድምፃውያን ከአቅማቸው በላይ ሲጮኹ በሰማሁ ቁጥር ይሄ ይታወሰኛል።

ማሲንቆን ከተቀዳ አትስሙ፤ ሄዳችሁ ስሙ። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ አንድ ደጋን፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው። አዝማሪው ያያችኋል። ስለ ጫማችሁ ይገጥማል። ቅኔውን ያልሰማ ሲስቅ የሰማው ዝም ይላል። ፈንድቃ የሚባለው አዝማሪ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ከካዛንቺስ ተነስቷል። እዚያ ያመሸሁባቸው ሌሊቶች አሁንም ይናፍቁኛል። ፈልጋችሁ አዝማሪ ያለበት ግቡ አልኳቸው።

እዚህ ጋ ስለ አንቺ ሆዬ ትንሽ ልቆይ። አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ትዝታ ሙሉን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ ኪቦርድ ላይ ማስቀመጥ አያስቸግርም። አንቺ ሆዬ ግን እምቢ ይላል። ፒያኖ ስምንዮሹን፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ ለ12 እኩል ቦታ ከፍሎ ጨርሷል። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ደግሞ አንዳንዴ የሚያርፈው ከሁለት ቁልፎች መሀል ነው። በኪቦርድ ብቻ ያደገ ጆሮ ይህን ሲሰማ ስህተት ይመስለዋል። ቅኝቱ የወጣለት መሣሪያ ሲጫወተው «ከቅኝት ወጣ» ይባላል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ድምፁ የሚጠፋው ማንም ሳይከለክለው ነው፤ የሚያውቀው ጆሮ ሲያልቅ።

ለእህቴ ልጅ ለይቼ የሰጠሁት ጌታቸው መኩሪያን ነው። ጌታቸው ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ሲቆም መሣሪያው ይፎክራል፣ ይቆጣል፣ ትንፋሽ ያጥረውና መልሶ ይነሳል። አሜሪካኖቹ ሲሰሙት የራሳቸውን ፍሪ ጃዝ ያስታውሳቸዋል። እሱ ግን የመጣው ከፉከራና ከቀረርቶ ነው። ከ70 ዓመቱ በኋላ ዘ ኤክስ ከሚባሉት የሆላንድ ሮከሮች ጋር ሲጫወት እንኳ አነፋፉን አልለወጠም። እነሱ ናቸው ወደ እሱ የመጡት። ልጁ የመጀመሪያውን ደቂቃ ሰምቶ ስልኩን አስቀመጠ። «ይሄን መዝፈን አልችልም፤ መጮኽ ነው ያለብኝ» አለ። በትክክል ገብቶታል።

ለኪቦርድ ተጫዋቹ ደግሞ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተምረዋል። ከዚያ መንነው፣ ረጅም ዘመን ኢየሩሳሌም ኖረው እ.ኤ.አ. በ2023 አረፉ። ፒያኗቸው ከበሮ አይጠብቅም። ሰው እያሰበ ሲራመድ እንደሚቆም ይቆማል። ልጁ ራሱ የሚጀምረውን ከበሮ አጥፍቶ አብሯቸው ለመጫወት ሞከረ። አቃተው። ቁልፉ ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው፤ ጊዜው ግን ሌላ ነው።

ጥላሁን ገሠሠን ማንም ስለሚሰማው ብዙ አልተናገርኩም። ቃሉን እንዴት እንደሚጨርስ ብቻ ልብ በሉ አልኩ። አሊ ቢራንም ቋንቋውን አላውቅም ብላችሁ አትለፉ።

ሙላቱ አስታጥቄ ላይ ግን ተከራከርን። የእህቴ ልጅ ሙላቱን የሚያውቀው ከአሜሪካ ፊልም ነው። የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ «የሽማግሌ ሙዚቃ» ነው የሚለው። ሙላቱ ጅማ ተወልዶ ኢንጂነሪንግ ሊማር ዌልስ ሄደ። እዚያ ወደ ሙዚቃ ዞረ። ለንደንና ቦስተን ተምሮ የተመለሰው ግን ወደ ቅኝቶቻችን አምስት ድምፆች ነው። የተማረውን ሃርመኒ ቅኝቱን ሳያፈርስ እንዴት ከሥሩ እንደሚያስገባ ሲጨነቅ ኖሯል። የደራሼን ሕዝብ የትንፋሽ መሣሪያዎች ደጋግሞ ያነሳል። ፊላ በሚባለው የትንፋሽ መሣሪያቸው ላይ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ይዞ ይነፋል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲገናኙ ነው። ደቡብን ሳይሰማ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ጨረስኩ የሚል ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

እኔ ብዙ ጊዜ ዩ ስትሪት ላይ እሄዳለሁ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው። ዛሬ እዚያው አካባቢ እንጀራ እንበላለን። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ጃንሆይም ሸልመውታል። ሙላቱም አብሮት ሠርቷል። እዚሁ ዋሽንግተን ደግሞ የዋሊያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ደለስ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ አውጥቶ እዚያው መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው ሙዚቃ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አገኘው። እኛ ያን ሁሉ ዓመት እዚሁ ነበርን። በታክሲው የሄድን ሰዎችም አንጠፋም። ማንነቱን ግን አልጠየቅንም። ይህን ስነግራቸው ሁለቱም ዝም አሉ።

ከተመለስን አራት ወር ሆነን። ልጆቹ በቴሌግራም ይገናኛሉ። የጎረቤታችን ልጅ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች አግኝቶ እሑድ እሑድ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት የአንቺ ሆዬን መግቢያ በስልክ ቀርፆ ላከ። 20 ሰከንድ ይሆናል። የእህቴ ልጅ አልጋው ላይ ተንጋሎ ሲያዜመው ሰነበተ። ትናንት ሳክስፎኑን አውጥቶ መጣ።

«አጎቴ፣ አንዷን ድምፅ አጣኋት። ቁልፍ የላትም።»

«በከንፈርህ ላላ አድርገህ ፈልጋት» አልኩት።

ይህን ስጽፍ ከላይ ቤት ይሰማኛል። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ያልፋታል። መልሶ ይጀምራል።