«ኮሌስትሮሌ ወርዷል፣ ክኒኑን ተገላገልኩት»

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን፣ ጋሼ የምላቸው የሰፈራችን ሰው የላብራቶሪ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩን። ኮሌስትሮላቸው ወርዷል። «እንግዲህ ክኒኑን ተገላገልኩት» አሉ።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። «ጋሼ፣ የወረደው እኮ በክኒኑ ነው» አልኳቸው። «ከወረደ ወዲያ ታዲያ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። የተቀመጠው ሁሉ ከሳቸው ጋር ሆነ።

ደሴ ብቻ አይደለም፣ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብትጠይቁም ወሬው ያው ነው። መድኃኒት ስንባል የለመድነው የአምስት ወይ የሰባት ቀኑን ነው፤ ትጨርሳለህ፣ ትድናለህ፣ አለቀ። የጋሼ የኮሌስትሮል ክኒን፣ አቶርቫስታቲን፣ እንደዚያ አይደለም። ጉበታችን ራሱ ኮሌስትሮል ይሠራል፤ ክኒኑ ያን ሥራ ያቀዘቅዝበታል፣ ጉበቱም ሲያጥረው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከደም ውስጥ እየሳበ ይወስዳል። ስታቆመው ጉበቱ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል፣ ቁጥሩም በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ ይወጣል። ክፋቱ ደግሞ ምንም አያምህም። አንድ ቀን ልብህ ወይ ስትሮክ እስኪነግርህ ድረስ።

«ጡንቻዬን ቆረጠመኝ» ብለው የሚያቆሙም አሉ። እውነት የሚያማቸው አሉ፣ ሕመሙ የበረታበት ወይ ሽንቱ የጠቆረበት ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ። ግን እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ፦ አሞን አቆምነው ላሉ 60 ሰዎች አንዳንዱን ወር እውነተኛውን፣ አንዳንዱን ወር መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ክኒን ሰጧቸው። በእውነተኛው ከተሰማቸው ሕመም 90 በመቶው በአስመሳዩም ተሰማቸው! የደሴን ዳገት ወጥተህ እግርህን ባመመህ ቁጥር ክኒኑን አትክሰስ እንግዲህ።

ጾምም አለ። አንዱ ረመዳን ሲገባ ያቆማል፣ ሌላው ሁዳዴ ሲገባ፤ ወሎ እዚህም ላይ አልተለያየንም። «ቅቤና ሥጋ ካልበላሁ ምን ያደርግልኛል» ይላሉ። ጉበት ግን አይጾምም። አቶርቫስታቲን ደግሞ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም፣ በፈለጉት ሰዓት የሚዋጥ ነው፤ ካፈጠሩ በኋላ ማታ መዋጥ ይቻላል።

ስንለያይ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነተኛውን ነገሩኝ። ክኒኑ ተወዶባቸዋል። ለሐኪሙ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቃቸውም። እዚህ ላይ የኔ ንግግር ሁሉ ውሃ በላው። ረከስ ያለ ዓይነት ይኖር እንደሆነ ለመጠየቅ ሰኞ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።