ፓርተኖንን በሰው ጭንቅላት መሃል

አቴንስ ድረስ ሄጄ ፓርተኖንን፣ ያን ጥንታዊ የግሪክ ቤተ መቅደስ፣ በሰው ጭንቅላት መሃል አጮልቄ አየሁት ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም ጀርባውን ለሕንፃው ሰጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ኧረ ዞር ብላችሁ እዩት! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 የተጀመረ ሥራ ነው። ወለሉ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ መሃሉ ላይ በስሱ ጎበጥ ብሏል። ዓምዶቹም ወደ ውስጥ ዘንበል ይላሉ፤ ወገባቸው ላይ ደግሞ ትንሽ ሞላ ያሉ ናቸው። ለዓይን እንዲያምር ብሎ ይህን ያህል መጠበብ! አስጎብኚያችን ግን ሰዓቱን እያየ "ቶሎ ቶሎ" ይለናል። ምን አስቸኮለው?

የባሰው እዚያው አጠገብ ያለው ሌላ ቤተ መቅደስ፣ ኤሬክቴዮን ጋ ነው። ጣሪያውን በራሳቸው የተሸከሙት የድንጋይ ሴቶች ቅጂ ናቸው። ከስድስቱ ዋናዎች አምስቱ እታች ሙዚየም ገብተዋል። እሺ፣ የከተማው ጭስ እንዳይበላቸው ነው። ስድስተኛዋስ? ለንደን! የእንግሊዙ አምባሳደር ሎርድ ኤልጂን ከፓርተኖን ቅርጾች ጋር ወስዷት ብሪቲሽ ሙዚየም ቀረች። ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦቶቻችንም እዚያው ቤት ስላሉ ንዴቴ እጥፍ ሆነ።

ደግሞ ፀሐዩ! ጥላ የሚባል ነገር የለም። እብነ በረዱም በጎብኚ እግር ተልጎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቀና ብዬ ዓምድ ልይ ወይስ እግሬን ልጠብቅ?