ቀዩ መድኃኒት ዕጢው ጋ ደርሷል ወይ?

አክስቴ ለጡት ካንሰሯ ኬሞ ስትጀምር የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ሰንጋ ተራ አካባቢ ካለ መድኃኒት ቤት ቀዩን መድኃኒት በፌስታል ይዘን እንወጣለን። ስሙ ዶክሶሩቢሲን ነው፤ እሷ ግን በቀለሙ "ከርከዴው" ትለዋለች። ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ፀጉሯ ረገፈ። "የታመመው ጡቴ፤ ፀጉሬ ምን አደረገ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ኬሞ ከደም ጋር ያልዞረበት ቦታ የለም። ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴል ካገኘ ይመታል፤ የካንሰር ይሁን የፀጉር ሥር ግድ የለውም። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ ልብንም ይጎዳል።

ናኖ መድኃኒት የመጣው ለዚህ መላ ተብሎ ነው። ያው ቀይ መድኃኒት በደቃቅ የስብ ከረጢት ተጠቅልሎ ይሰጣል። ከረጢቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ለሺህ ቢከፈል ማለት ነው። የዕጢ ደም ሥር በጥድፊያ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳ አይጠፋውም። ከረጢቱ በዚያ ይሾልካል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀንሷል። መዳፍና ውስጥ እግር ማቃጠሉ ግን አልቀረም።

ችግሩ፣ ወሬው ሁሉ "ዒላማውን አይስትም" የሚል መሆኑ ነው። ይስታል እንጂ! በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትንተና የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ አየ፤ አብዛኞቹ በአይጥ ላይ የተሠሩ ናቸው። ከተወጋው ናኖ ቅንጣት (እንደ ከረጢቱ ያለ ደቃቅ ነገር) ዕጢው ጋ የደረሰው በግማሾቹ ጥናቶች ከ0.7 በመቶ አይበልጥም ነበር። ብዙው ጉበትና ጣፊያ ላይ ይቀራል።

እኔን የማረከኝ ግን ምስሉ ነው። ለደም ማነስ የሚሰጥ አንድ የብረት መድኃኒት አለ። እሱም ናኖ ቅንጣት ነው፤ ኤምአርአይ በሚባለው የሰውነት ውስጥ ምስል ማንሻ ይታያል። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሐኪሞች መጀመሪያ ብረቱን ሰጥተው ምስል አነሱ፤ በስብ የተጠቀለለ ሌላ ኬሞ (ኢሪኖቴካን) ያስከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ብረቱ በብዛት የገባባቸው ዕጢዎች ይበልጥ ቀነሱ። ሕመምተኞቹ ጥቂት ስለነበሩ ገና ብዙ ይቀረዋል።

"ኬሞው ራሱ በሚጠፋበት አገር ይሄ ቅንጦት ነው" የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል። ሀብታም አገር ውዱን መድኃኒት ሞክሮ ካልሠራ ይተወዋል። እቁቡን አስቀድሞ አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ የሚገዛ ሰው ግን መድኃኒቱ ዕጢው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ቀድሞ ማወቅ አለበት። ናኖ መድኃኒት ወደ እኛ ሲመጣ ምስሉ ተከትሎት ሳይሆን ቀድሞት ይምጣ።

የአክስቴ የሲቲ ስካን ወረፋ የደረሰው ሦስተኛውን ዙር ከወሰደች በኋላ ነበር።