ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለምን አልዳሩም?

የገጸ ባሕርይ ትንተና ለሚማሩ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች እንዲሆን ብለን ሁለት ሰዎች በጽሑፍ አከራከርን። ርእሱ የተወሰደው ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ነው። ባላባቱ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያገባ የመጣውን «ዘሩ አይመጥነንም» እያሉ ሲመልሱ ልጅቱ ቆማ ቀረች። ይህን ያደረጉት በኩራት ነው ወይስ በፍርሃት? አንደኛው ተከራካሪ የሥነ ጽሑፍ መምህር ናቸው። ሌላዋ የመጻሕፍት አርታኢ ናት።

መምህሩ፦
ሃያ ዓመት ሙሉ የፈተና ወረቀት አርሜአለሁ። «ፊታውራሪ መሸሻ ኩሩ ስለሆኑ ነው» የሚል መልስ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ እግዜር ይወቀው። ግማሽ ነጥብ ሰጥቼ አልፋለሁ። ኩራት ጠባይ ነው እንጂ ገፊ ምክንያት አይደለም። ትንተና የሚጀምረው «ይህ ኩራት ምን ሊሸፍን ነው የተደረበው?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ሲገኝ ነው።

እስቲ ሰውየውን እንያቸው። ከዘር ሐረጋቸው ሌላ የራሳቸው ምን አላቸው? የሚበሉትን የሚያርስላቸው ሌላ ነው። ገበሬዎቹ ከልማዱ በላይ አንሰጥም ቢሏቸው ጦር ይዘው ዘመቱ። መጨረሻው በገበሬዎቹ መሪ በአበጀ በለው እጅ መውደቅ ሆነ። በራሱ የተማመነ ሰው ለዚህ ዘመቻ አይወጣም። ልጃቸው ከተራ ሰው ብትወልድስ? የልጅ ልጃቸው ከባላገሩ ልጅ በምን ይለያል? እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ነው። ክፉ ሰው ግን አይደሉም። ልጃቸውን ባይወዱ ኖሮ መምህር ቤታቸው አስገብተው አያስተምሯትም ነበር። እርስዎ ምን እንደሚሉ ለመስማት ጓጉቻለሁ።

አርታኢዋ፦
የመጨረሻዋን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። «ልጃቸውን ባይወዱ ኖሮ መምህር አያስገቡላትም ነበር።»

መምህር፣ በቅሎም እኮ ትገራለች። ባለቤቷ ስለሚወዳት ነው? ነገ የሚቀመጥባት ጌታ እንዳትጥለው ነው። መሸሻ ልጁን ያስተማራት ለራሷ ብሎ አይደለም። ለትልቅ ሰው ትመጥን ብሎ ነው። ያ ትልቅ ሰው ሳይመጣ ቀረ፤ እሷም ዕድሜዋ ገፋ። ይህን ፍቅር ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ስንት ነጥብ ያገኛል? ሙሉ?

«ፍርሃት» የምትለዋ ቃል ደግሞ ታደርገው የለ! ጨቋኙን ሁሉ ታሳሳናለች። አይዞህ ልንለው ምንም አልቀረን። ጉዱ ካሣ እዚያው ዘመድ ሆኖ፣ እዚያው ግቢ ሲናገር አልነበረም ወይ? እብድ ተባለ። መሸሻ የሚነግረው ሰው አላጣም፤ መስማት አልፈለገም። ፈርቶ ሳይሆን ስለሚመቸው ነው።

መምህሩ፦
በመጀመሪያ ደረጃ ፊታውራሪን «እሱ» ማለት ምን የሚሉት ነው? ተራኪው ራሱ ከዳር እስከ ዳር «አሉ» እያለ የጻፈላቸውን ሰው አንቺ የሰፈር ልጅ አደረግሻቸው። እንዲህ ያለው ነገር ከስሜት ይመጣል። ትንተና ስሜት አይወድም፣ እኅቴ።

ሁለተኛ፣ ኩራት ጠባይ ነው እንጂ ምክንያት አይደለም ብዬ ነበር። ለዚህ አንድም ቃል አልመለስሽም። በቅሎ ጭነሽ መጣሽ። በቅሎዋ ጥሩ ናት፤ ታስቃለች፤ ግን መልስ አይደለችም። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር አለ፦ ገጸ ባሕርዩን መጥላት መብታችሁ ነው፤ ጠልታችሁት ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ጠዋት ሲነሣ ምን እንደሚያስብ ንገሩኝ።

አርታኢዋ፦
በመጀመሪያው ዙር «እርስዎ» ነበርኩ። በሁለተኛው «አንቺ» ሆንኩ። ፊታውራሪው ግን ሳይጠየቁ አንቱ ናቸው። ይህን ያነሣሁት ቅር ብሎኝ ብቻ አይደለም (ቅር ብሎኛል)። ክርክራችን ያለው እዚህ ስለሆነ ነው።

ተራኪው «አሉ» ይላቸዋል፤ እውነት ነው። ሲያከብራቸው ነው ወይስ ሲያሾፍባቸው? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ያውቃል። ፊታውራሪው ሲፎክሩ አድማጩ ይስቃል። አንቱታው ሳይጎድል ሰውየው ፊታችን ላይ እየቀለሉ ይሄዳሉ። እርስዎ «አሉ» የምትለዋን ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ይዘው መጡ። እኔ ብሆን ተማሪዎቹን የማሠራቸው ሌላ ነገር ነው። ሁለት ገጽ ስጧቸውና ማን አንቱ፣ ማን አንተ፣ ማን አንቺ እንደተባለ ያስምሩበት። ሰብለ አባቷን አንቱ ትላለች፤ እሱ አንቺ ይላታል። የሰብለ ፍቅረኛ የሚሆነው በዛብህ ቅኔ ተምሮ፣ አስተማሪዋ ሆኖ ገብቶ እንኳ ለተራኪው «አለ» ነው። የእያንዳንዱ ሰው ገፊ ምክንያት ግማሹ እዚያ ተጽፏል። ምን ያህል ከፍ ማለት እንደሚፈቀድለት በግሱ መጨረሻ ላይ አለ።

መምህሩ፦
እሺ፣ እርስዎ። ይኸው፤ ደስ ይበልዎት።

የግሱ ነገር መጥፎ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ልሞክረው እችላለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አባትየው እርስዎ እንደሚሉት በቅሎ ገሪ ከሆኑ፣ ሰብለ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አለች? በግድ አይደለም። ደግ ልጅ ናት፤ ታዛዥ ናት። አባቷን ስለምትወድ ነው። ፍቅር ደግሞ ከባዶ ቤት አይበቅልም።

አርታኢዋ፦
«ታዛዥ ናት» ግማሽ ነጥብ። ጠባይ ነው እንጂ ገፊ ምክንያት አይደለም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሦስት ዙር ስለ አባቷ ስናወራ ቆየን። ፍርሃቱን ቆፈርን፣ ኩራቱን መዘንን፣ አንቱታውን ጠበቅን። እሷ ጋ ስንደርስ «ደግ ልጅ» ብለን አለፍን። ይቺ ዝምተኛ ልጅ እኮ ናት በኋላ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ በዛብህን ፍለጋ ያን ሁሉ መንገድ ለብቻዋ የወጣች። ደግ ልጅ ይህን አታደርግም። ያን ሁሉ ዓመት ዝም ያለችው ስለምትታዘዝ ነበር ወይስ የምትሄድበት ስላልነበራት? በሩ የተከፈተላት በበዛብህ ነው ወይስ እሱ ሳይመጣም እጇ እጀታው ላይ ነበር? እኔ ሁለተኛውን ነው የማምነው። እንደዚያ ከሆነ የፍቅር ታሪክ ብለን ያነበብነው መጽሐፍ ትንሽ ይነቃነቃል።

መምህሩ፦
ይህ ከተሰጠን ርእስ ውጭ ነው። ርእሱ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ስለ ሰብለ ወንጌል መከራከር ከፈለጉ አዘጋጆቹን ሌላ ቀን ያስይዙ፤ እመጣለሁ። ሰብለ የምትወደው በዛብህን ነው፤ ለዚህ ማስረጃዬን ይዤ እመጣለሁ። በቅሎዋንም አልረሳኋትም።